ሜትር ይዞ ሰፈር መግባት፦ ለከተማ ፕላን ተማሪዎች

ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ አንድ አሮጌ ሰፈር ስትገቡ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሊያፈርሱን መጡ። "ተማሪዎች ነን" ብትሉም ግማሹ አያምናችሁም። ግማሹ ያምናችሁና "ዛሬ ተማሪ፣ ነገ አፍራሽ" ብሎ ያልፋችኋል።

ሦስተኛ ዓመት እያለን አራት ሆነን መሐል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር ለኮርስ ሥራ ተሰጠን። በራቸው ላይ ቡና የሚቆሉ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩንና "ልጆቼ፣ ቀዩን ቀለም መቼ ነው የምትቀቡት?" አሉን። እኛ ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ቀደም ሲል ከሌላ ሰፈር ለልማት ተብሎ ተነሥተው የመጡ ናቸው። ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ሲቀባ ምን እንደሚከተል አሳምረው ያውቃሉ።

ሥራውን አስረከብን፣ ጥሩ ውጤትም አገኘን። ንድፋችን እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ምኑ ቅጡ። ያ በር በካርታችን ላይ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቤተሰብ ነበር። ከዓመት በኋላ ለመመረቂያ ጥናቴ ስመለስ ከዚያው በር ጀርባ አምስት ቤተሰብ እንደሚኖር አወቅሁ። አራቱን ጭራሽ አላየናቸውም። ያን ሁሉ ሥዕል የሣልነው ለአንዱ ነው።

ኮርሱ ላይ "ማኅበራዊ ልዩነት፣ ሥልጣን፣ ማንነት" የሚሉ ቃላት አሉ። ለፈተና ሸምድደናቸው ከፈተናው ማግስት ረሳናቸው። እዚህ የምጽፈው እነዚያን ቃላት በእግር እየሄዱ እንዴት እንደሚፈልጓቸው ነው። ምሳሌዬ በሙሉ አዲስ አበባ ናት፣ የማውቃት እሷን ስለሆነ። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ስሞቹን ቀይሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ሰፈሩ ለምን እንዲህ ተባለ ብላችሁ ጠይቁ። ሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን የከተማው የሥልጣን ታሪክ የተጻፈው ስም ላይ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር መሐሉን ቤተ መንግሥቱ ያዘ። ዙሪያውን ያሉት ጉብታዎች ለመኳንንቱ ተሰጡ። እያንዳንዱ መኮንን ቤቱን ከላይ ሠራ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና እንጨት ፈላጩ ከሥር ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር የመጣው ከዚህ ነው። ሰራተኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ባለሙያ ሰፈር ነበር። ለዚህ ነው የድሮው ከተማ ላይ ሀብታምና ድሀ አጥር ለአጥር ተጠጋግተው የምታገኟቸው። ሌሎች ብዙ የአፍሪካ ከተሞች ላይ ቅኝ ገዥው ነጩን ከጥቁሩ በመስመር ለይቶ ስለተከላቸው እንዲህ ያለ መጠጋጋት ብዙም አይታይም።

እኛም ጋ ተሞክሯል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ያወጣው ፕላን ጣሊያኑን ለብቻ፣ "አገሬውን" ለብቻ የሚያደርግ ነበር። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የአገሬው ገበያ ተባለ። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያው ነው፣ ስሙም የጣሊያንኛ ነው። አስተማሪያችሁ ዞኒንግን፣ ማለትም መሬትን ለየአገልግሎቱ መከፋፈልን፣ ዝም ብሎ የቴክኒክ ነገር አስመስሎ ሲያስተምራችሁ ይህችን አስታውሱ። የመሬት አጠቃቀም ቀለም መቀባት እዚህ አገር ሲጀመር ሰውን በዘር ለመለየት ነበር።

ስም ስትጠይቁ ሁለት ስም ይሰጧችሁ ይሆናል። አንዱን የከተማው ሰው ይላል፣ ሌላውን ከከተማው በፊት እዚያ የነበረው ሰው። በተለይ ዳር ዳር ያሉ ሳይቶች ላይ የኦሮምኛውን ስም ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ሪፖርታችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ምን ዋጋ አለው የምትሉ ካላችሁ፣ ሚያዝያ 2006 ላይ ከአዲስ አበባና ያኔ በዙሪያዋ ከነበረው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ጋር ተያይዞ የተነሣውን ተቃውሞ አስቡ። ባለሙያው መንገድ፣ ውሃና ቆሻሻ ማስወገጃ የማቀናጀት ጉዳይ ነው ብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተሠመረውን መስመር ገበሬው ያነበበው መሬቴ፣ ቋንቋዬና የልጄ ዕጣ ብሎ ነው። ብዙ ሰው ሞተ። ፕላኑ ጥር 2008 ላይ ቀረ። የማንን ክርክር እንደምትደግፉ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው፣ ያን መስመር ሲያሠምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቴክኒክ ብቻ እየሠሩ መስሏቸው ነበር።

ጣሪያ አትቁጠሩ፣ ምድጃ ቁጠሩ

የሳተላይት ምስል ጣሪያ ያሳያል። ቆርቆሮ ሥር ያለውን ሰው አያሳይም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው አላት ተባለ። ቀጣዩ ቆጠራ ሲራዘም፣ ሲራዘም ከረመ። ስለዚህ "የሰፈሩ ሕዝብ ብዛት" የሚለውን ሠንጠረዥ የምትሞሉበት ቁጥር ካሰባችሁት በላይ ያረጀ ነው።

ግቢ ስትገቡ ስንት ቤተሰብ አለ ብላችሁ አትጠይቁ። "አንድ ነው" ይሏችኋል። ዋናው ተከራይ ሌላውን አይቆጥረውም፣ ሌላውም ራሱን ማስቆጠር ይፈራል። ይልቅ ስንት ቦታ ምሳ ይሠራል ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ከሰል ምድጃ፣ አንድ ስቶቭ፣ አንድ ምጣድ እያላችሁ ስትቆጥሩ ቤተሰቡ ይወጣል። ቀጥሎ ቆጣሪውን ፈልጉ። ግቢው አንድ የመብራት ቆጣሪ ካለው ሒሳቡን ማን ይሰበስባል? ማታ ምጣድ አትጣዱ የሚለው ማነው? ቴሌቪዥን ላለው፣ ፍሪጅ ላለው በአምፖል እየተቆጠረ ስንት ይጨመርበታል? የአንድ ግቢ መንግሥት ቆጣሪው አጠገብ ነው ያለው።

ከዚያ ሽንት ቤቱ። ብዙ አሮጌ ሰፈር ውስጥ የጋራ ነው፣ ቁልፍም አለው። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ መውጣት ብትፈልግ ቁልፉን ለመለመን የማንን በር ታንኳኳለች? ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ሃያ ገጽ መጠይቅ ሞልቼ ካገኘሁት ይበልጥ ነበር። ሴቶቹ ማታ ውሃ እንደማይጠጡ የነገሩኝ እዚያ ነው።

በተለያየ ሰዓት መሄዳችሁንም እንዳትረሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦኖ ውሃ የሚሰለፈውን፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጉልት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠውን፣ እኩለ ሌሊት ላይ በረንዳ የሚያድረውን በአንድ ቀን የአራት ሰዓት ጉብኝት አታገኟቸውም። እኛ የሄድነው ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ነበር፣ ባሱ የሚመጣው ያኔ ስለነበር። ስለዚህ በጥናታችን ውስጥ ጉልት የሚባል ነገር የለም።

የወረቀት መሰላል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ድሀና ሀብታም በገቢ ብቻ አይለይም። ሁለት ጎረቤቶች እኩል ገቢ እያላቸው፣ ሰፈሩ ሲነሣ አንዱ ከፍ ሊል ሌላው ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። የሚለያቸው እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ሐምሌ 1967 ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጡት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ የተሻሉት ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት። ባለቤት አዲስ ቤት አልሠራበትም፣ ቀበሌም በሚሰበስባት ሣንቲም አላደሰውም። የኪራዩ ዋጋ ለረጅም ዓመት ባለበት ቆመ። ዛሬ የአንዳንዱ የወር ኪራይ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ጭቃው ፈረሰ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ቤተሰቡ በዛ፣ ጓሮው ላይ ተቀጠለ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሊዝ መጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ መሸጥ መለወጥ የለም። በሊዝ የሚሸጠው የመጠቀም መብቱ ነው፣ ለዚህም በ2004 አዋጅ ቁጥር 721 ወጣ። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ የተለያየ ዘመን የተለያየ ወረቀት ትቶ ሄዷል ማለት ነው።

ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ደርድሩት። አናቱ ላይ ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ፣ ያለው የግል ይዞታ ባለቤት አለ። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ለቤቱ ካሳ፣ በላዩም ምትክ ቦታ ይጠብቃል። ከሥሩ የቀበሌ ቤት ተከራይ አለ። ቤቱ የሱ አይደለምና ለቤቱ ካሳ የለውም፤ በአብዛኛው ግን ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይቀርብለታል። ከሱ ሥር ከቀበሌው ተከራይ ላይ የተከራየው ደባል አለ። ደባሉ ምንም የለውም። ብዙ ጊዜ ውሉ የቃል ነው፣ መታወቂያውም የሌላ ወረዳ ወይም የገጠር ነው። ከሱም ሥር እዚያው የምትኖር የቤት ሠራተኛ አለች፤ እሷን የቤቱ ሰው እንኳ ሲቆጥር ይዘላታል። ሌላ ጥግ ላይ የጨረቃ ቤት ሠርቶ የገባው አለ፣ የሱ ዕድል የሚወሰነው በየትኛው ዓመት እንደሠራና የአየር ፎቶው ላይ መታየት አለመታየቱ ላይ ነው።

አሁን መሰላሉ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ፍሰት ተከተሉ። የቀበሌው ተከራይ ለቀበሌ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ከደባሉ ደግሞ በሺህ ይቀበላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጡረተኛ ነው ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ የሚኖሩትም በዚያች ኪራይ ነው። ግን ፕላናችሁ "ነዋሪው" ብሎ ሁለቱን ባንድ ሲጠራቸው ጥቅማቸው እንደሚጋጭ እየሸፈናችሁ ነው። አከራዩ ሰፈሩ ቢነሣ ኮንዶሚኒየም ያገኛል፣ ደባሉ ሰፈሩ እንዲቆይለት ይጸልያል። ስብሰባ ላይ የሚናገረው የትኛው እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ገበሬውም የራሱ እርከን አለው። ኮንዶሚኒየሞቹ የተሠሩት ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ቀድሞ እርሻ የነበረ ቦታ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ገበሬው በቋሚነት ሲነሣ የሚሰጠው ካሳ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 5 ዓመታት በአማካይ ያገኘው የዓመት ገቢ 10 እጥፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ ሆነ። ልብ በሉ፣ የሚሰላው ጤፉ ነው። መሬቱ በሊዝ ጨረታ ነገ የሚያወጣው ዋጋ ስሌቱ ውስጥ የለም። ይህን ልዩነት ሪፖርታችሁ ላይ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፣ ከሁለት ገጽ ትንታኔ ይበልጣል።

ውሳኔን ወደ ኋላ ተከተሉ

ሥልጣን የት አለ ብትሉ ሁሉም ወደ ላይ ይጠቁማል። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሥልጣን ማን ጋ ነው ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ ትንሽ ነገር ያዙና ወደ ኋላ ሂዱ። ቦኖው ለምን እዚህ ተተከለ? ኮብልስቶኑ እዚያ ቤት በር ላይ ደርሶ ለምን ቆመ? ጉልቶቹ ከአስፋልቱ ዳር መቼ ተነሡ፣ ማን አነሣቸው፣ ያን ቀን ምን በዓል ነበር?

መልሱ ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ አይመጣም። የዕድሩ ዳኛ፣ የሰበካ ጉባኤው፣ የመስጊዱ ኮሚቴ፣ ደላላው፣ የሰፈሩ ጎረምሳ፣ ወረዳ ውስጥ ዘመድ ያለው፣ ሁሉም እጁ አለበት። "ሰው አለው" የምንለው ሰው ማለት ነው። ሰው ያለውን ከሌለው መለየት ከቻላችሁ የሰፈሩን ግማሽ አንብባችኋል።

ትልልቁንም እንዲሁ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ላይ ሥራ ጀመረ፣ ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ከተማዋ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ትልቁ ድርሻ በእግር ነው። ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ግን አጥር አለ፣ መሻገሪያውም ይራራቃል። ባቡሩን የማይሳፈር ሸክም የያዘ ሰው ድሮ በሃያ እርምጃ የሚሻገረውን መንገድ አሁን ዞሮ ይሄዳል። መስመሩ ሲነደፍ የጠረጴዛው ዙሪያ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ሸክም ተሸክሞ የሚያውቅ ነበረ ወይ በሉ።

የከፋውን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ቆሼ አለላችሁ፣ ረጲ ያለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ። አዲሱ የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ተከፈተ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥም ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ድሮው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከሥሩ ቤት ቀልሰው በሚኖሩት ላይ ወደቀ፣ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከተማው ቆሻሻውን አንዱ ድሀ ላይ ለማራገፍ ሞከረ፣ እሱ እምቢ ሲል ሌላው ድሀ ላይ መለሰው። የኋለኛዎቹ እምቢ የሚሉበት ወረቀት አልነበራቸውም። "ከተማው ቆሻሻውን በተሻለ መንገድ አስወገደ" የሚል ፕላን ስታዩ የት አስወገደ የሚለውን ጠይቁ።

ስብሰባው

የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይጠይቃል። ይቀርባልም። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ተመርቄ መጀመሪያ በሠራሁበት ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ የአካባቢ ልማት ፕላን ውይይት አዘጋጀን። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አዳራሽ ውስጥ። ማን መጣ? ጡረተኞች፣ የኮሚቴ አባላት፣ ካርታ ያላቸው። የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣድ ላይ ናት፣ ደባሉ አልተጠራም። በር ላይ አቴንዳንስ አስፈረምን። ያ የስም ዝርዝር ከወር በኋላ "ነዋሪው ተወያይቶ የተስማማበት" ከሚል ቃለ ጉባኤ ኋላ ተያይዞ አገኘሁት። አንዲት እናት ሲነገራቸው "ውይ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ የፈረምኩት ለውሃው መስሎኝ ነው" አሉ። በር ላይ የታሸገ ውሃ እያደልን ነበር። እኔም እዚያው ነበርሁ፣ እስክሪብቶውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። የተገኘ ሰው ፊርማና የተስማማ ሰው ፊርማ በሁለት የተለያየ ወረቀት ይሁን፣ ርእሱም ከላይ በጉልህ ይጻፍ። እሑድ ከሰዓት አድርጉት። አዳራሽ ጠርታችሁ ሰው ከምትጠብቁ ሰው ወዳለበት ሂዱ። የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ቡና አለ። ዕድር ደግሞ የሚገርም ነገር ነው፣ ደባሉም አባል ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡም ከወረዳው መዝገብ ይልቅ እውነቱን ያውቃል፣ ምክንያቱም ማን እንደሚኖር ካላወቀ ማንን እንደሚቀብር አያውቅም። ግን እሱንም አታምልኩት። የባል ዕድርና የሴቶች ዕድር ለየብቻ የሆነበት ሰፈር አለ። ወርኃዊ መዋጮው የማይችለውም ውጪ ነው። ሁለቱንም ጎብኙ፣ ከዚያ ማን አንዱም ውስጥ እንደሌለ ጠይቁ።

ሴቶችን ከባሎቻቸው፣ ደባሎችን ከአከራዮቻቸው፣ ወጣቱን ከሽማግሌው ለይታችሁ አነጋግሩ። አከራዩ በተቀመጠበት ደባሉ "ምንም ችግር የለም" ነው የሚለው። ሌላ ምን ይበል?

ማንነትን እንዴት እንጠይቅ

አንዳንድ መጠይቅ ላይ "ብሔር" የሚል ባዶ ቦታ አያለሁ። እባካችሁ አውጡት። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይህ መስመር ነበር፤ ሰው ያንን የሚያስታውሰው በደስታ ብቻ አይደለም። በር አንኳኩቶ ብሔርህ ምንድነው የሚል ባዕድ ከተማሪ ይልቅ ሌላ ነገር ይመስላል። ማወቅ ያለባችሁ ነገር ካለ በጎን ጠይቁ። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ትነጋገራላችሁ? ሰው ሲሞት የት ይቀበራል? ክረምት ላይ አገር ቤት የምትሄዱት ወዴት ነው? ልጆቹ ትምህርት የሚማሩት በምን ቋንቋ ነው? እነዚህ ለፕላን የሚጠቅሙ ናቸው፤ ብሔር የሚለው ሣጥን ግን ሠንጠረዥ ከማስጌጥ በቀር ለምንም አይሆናችሁም።

ደግሞ ማንነት ብሔር ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ሂዱ። የዶርዜ ሸማኔዎች እዚያ ከሰፈሩ ብዙ ዘመን ሆነ። ጥበቡን ለበዓል እንለብሳለን፤ ሸማኔን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን ግን አባቶቻችን ንቀው "ቡዳ" እያሉ ኖረዋል፣ ጋብቻም ከልክለዋል። ይህ ዛሬም በሹክሹክታ አለ። አሁን ፕላነሩ መጣና ሰፈሩን አንሥቶ ሸማኔውን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አወጣው እንበል። የሸማ ዕቃው መሬት ላይ ነው የሚተከለው፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚረግጠው። ኮንክሪት ላይ ጉድጓድ የት ይቆፍር? ቤት ሰጠነው፣ ሥራውን ግን ቀማነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋም እንዲሁ ናት፣ ጠላ የምትጠምቀዋም። የኮንዶሚኒየም ዕጣው ላይ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፣ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን በ20/80ው ቀድሞ የሚከፈለውን 20 በመቶ ከየት ታምጣ? ከዚያ ወዲያ የባንኩንስ? ብዙዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ተከራዩ። ቁልፉ ያለው አንድ ቦታ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ።

ዘነበወርቅና ቆሬ አካባቢም ተመልከቱ። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ እዚያ ስለነበር ታካሚዎች ከዳኑም በኋላ እዚያው ቀሩ፣ መመለሻ የላቸውማ። ቆሼም ከዚያው ብዙ አይርቅም። የተገለለ ሰውና የተጣለ ቆሻሻ አንድ አካባቢ ላይ መገናኘታቸውን አንድ ካርታ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት።

ንድፉ ላይ ሲደርስ

መሬት አጠቃቀም ካርታ ብቻ አታስረክቡ። አጠገቡ ሌላ ሉህ ጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ የወረቀት እርከን አንድ ረድፍ። ባለካርታ፣ የቀበሌ ተከራይ፣ ደባል፣ ሠራተኛ፣ ጉልት፣ ሊስትሮ፣ በረንዳ አዳሪ፣ ገበሬ። በፊት ለፊቱ ሦስት ነገር ብቻ፦ ፕላኑ ምን ይሰጠዋል፣ ምን ይወስድበታል፣ ማን ጠየቀው። ባዶ የቀረ ሣጥን ካለ "መረጃ አልተገኘም" ብላችሁ አትሸፍኑት። "አልጠየቅንም" ብላችሁ ጻፉ። አስተማሪው ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

የደባሉ ረድፍ "ምንም" ካለ ንድፉ ላይ መልስ ፈልጉ። ርካሽ የኪራይ ክፍል እዚያው ሰፈር ውስጥ ሊቀር ይችላል? መሬት ላይ ያለው ፎቅ ሁሉ ለሱቅ ከሚሆን ከፊሉ ለሸማኔ፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል አካል ጉዳተኛ፣ ለእንጀራ ጋጋሪ ቢሆንስ? ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፣ ዊልቸር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ጉልቱን ከአስፋልት ስታነሡት የት ታስቀምጡታላችሁ፣ ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ነው ወይስ ከሕንፃ ጀርባ የሞተ ጥግ? ሁሉንም መመለስ አትችሉም። እኔም አልቻልሁም። ቢያንስ የማን ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ ይታወቅ።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር። እዚያ ሰፈር ስትገቡ ምን እንደምትመስሉ አስቡ። አማርኛችሁ፣ ጫማችሁ፣ አንገታችሁ ላይ ያለው ባጅ። እኔ ያደግሁት ካርታ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ደባሎቹን ያላየኋቸው፣ ቤታችን ጓሮ ውስጥም ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ነበሩና ቤተሰባችን ስንት ነው ስባል አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም። ከቡድናችሁ ውስጥ የቀበሌ ቤት ያደገ ልጅ ካለ ቃለ መጠይቁን ሳይሆን ጥያቄዎቹን እሱ ያውጣ። ቃል አትግቡ፤ "እናስተካክላለን" የሚል ተማሪ ከወረዳው በላይ ይጠላል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ቡና ከቀረበላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ፣ ሦስተኛው ሳይወርድ አትነሡ፣ ወሬው የሚመጣው በበረካው ላይ ነው።

ስትጨርሱ ተመለሱ። ኤ3 ላይ የታተመ ካርታ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ጭቃ ቢነካው የማይቆጫችሁ። መሬት ላይ ዘርጉት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን በር ነው። እኔ በሁለተኛው ዙር የወሰድሁትን ካርታ እኚያ ቡና ይቆሉ የነበሩት እናት ጎንበስ ብለው አዩት፣ በሩን አገኙት፣ ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና ከጀርባው አራት ትንንሽ ሣጥን ሣሉ። በየሣጥኑ የማን ቤት እንደሆነ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ።